ኢ-ካድሄሪን የለም ከተባለ ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት ነው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ጡት ካንሰር የጥያቄና መልስ ክር ተከፍቶ ነበር። ክሩን የከፈተችው ሴት የእህቷን የፓቶሎጂ (የዕጢ ናሙና ምርመራ) ውጤት ይዛ ነው የጻፈችው። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አስፍራዋለች፦ ወራሪ ሎቡላር ካርሲኖማ፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ ፖዘቲቭ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ፖዘቲቭ፣ ኸር-2 (ሴሉን እንዲከፈል የሚገፋ ተቀባይ ፕሮቲን) አንድ ፕላስ፣ ማለትም ዝቅተኛ፣ ኪ-67 ከሴሎቹ 12 በመቶ፣ ኢ-ካድሄሪን ኔጋቲቭ። ሌላውን ሐኪሙ አስረድቷቸዋል፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን ማንም አላነሳትም። ራሷ ስትፈልግ ኢ-ካድሄሪን የጡት ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን እንደሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ሴሎቹ ተላቀው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንደሚሄዱ አነበበች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ይህ ፕሮቲን ከሌለ ካንሰሩ ከወዲሁ ተበትኗል ማለት አይደለም ወይ? ከሆነስ ፕሮቲኑን የሚመልስ መድኃኒት ለምን አይሰጣትም? በፍርሃት የተጻፈ ጥያቄ ነው፤ ግን ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረውን ጉዳይ ነው ሳታውቀው የነካችው።

1ኛው መላሽ አይዞሽ ብሎ፣ ለእህቷ ምሕረት ተመኝቶ፣ ሐኪሙን ድጋሚ ጠይቂው ከማለት አላለፈም። እንዲህ ያለው መልስ ብዙ አይጠቅምም ይባላል፤ እኔ ግን በእንዲህ ዓይነት ክር ላይ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል።

2ኛው ባዮሎጂ እንደሚያስተምር ተናግሮ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። ኢ-ካድሄሪን የሴሉን ሽፋን አቋርጦ የሚያልፍ ረጅም ፕሮቲን ነው። ወደ ውጭ የወጣው ክፍሉ ካልሲየም ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይጠነክርና ከጎረቤት ሴል ከወጣው አቻው ጋር ይያያዛል። ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ ደግሞ ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ለሴሉ ቅርጽ ከሚሰጠው የአክቲን መዋቅር ጋር ይታሰራል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ተያይዘው ካደጉ ሴሎች ካልሲየሙን ቢወስዱባቸው ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤቶቻቸው እየተላቀቁ ሲድቦለቦሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ቀጥሎ ግን የጠያቂዋን ግምት ተቀበለው፤ ፕሮቲኑ ከሌለ ሴሉ ነጻ ነው፣ ነጻ ከሆነ ደግሞ ይሄዳል ብሎ ደመደመ።

ይህን ያረመው 3ኛው ነው። የፓቶሎጂ ሐኪም መሆኑን የገለጸውም በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። የኔ እህት እያለ፣ ሳይቸኩል ጻፈላት። በዚያ ወረቀት ላይ ኢ-ካድሄሪን ኔጋቲቭ የሚለው የካንሰሩን ዓይነት የሚለይ ምልክት እንጂ የት ድረስ እንደሄደ የሚናገር አይደለም። ሎቡላር የሚባለው ዓይነት ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኢ-ካድሄሪንን መመሪያ የያዘው ሲዲኤች1 የተባለው ጂን ገና ከጅምሩ ስለሚበላሽበት ፕሮቲኑ አይገኝም። ሴሎቹ ተሰባስበው ጠንካራ እብጠት ከመሥራት ይልቅ በጡቱ ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ መሃል አንድ በአንድ ተሰልፈው ይታያሉ። በማሞግራም (በጡት ራጅ) ላይ ሊያመልጡ የሚችሉትም ለዚህ ነው። እሱ ራሱ በመስታወቱ ላይ ሲያያቸው፣ ኢ-ካድሄሪን በሚያቀልመው ማቅለሚያ ጤነኛው የወተት ቱቦ ጠርዝ ጠርዙን ቡናማ ሆኖ ሲደምቅ የካንሰሩ ሰልፍ ግን ምንም ቀለም ሳይዝ ያልፋል። ከካቴኒኖቹ አንዱ የሆነው ፒ120ም መያዣውን ስለሚያጣ ከሴሉ ጠርዝ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ተበትኖ ይታያል። ካንሰሩ መሰራጨቱ የሚታወቀው በዕጢው መጠን፣ በብብት ንፍፊቶች ምርመራና አስፈላጊ ሲሆን በሚነሳው የምስል ምርመራ ነው። የእህትሽ ወረቀት ስለዚህ ምንም አይልም አላት።

ክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጠያቂዋ መልሷን አግኝታ ነበር። ግን የት ይበቃል!

4ኛዋ ፕሮቲን የሚለውን ብቻ አይታ ነው የገባችው። አክስቷ የጡት ካንሰር ሲይዛቸው ፕሮቲን ካንሰሩን ይመግባል ብለው ሥጋም እንቁላልም ወተትም እንዳስተዋቸው ነገረችን፤ እህትሽም ከዛሬ ጀምራ ትተው ዘንድ መከረች። 5ኛው ተቆጣ። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል፣ የማያውቁትን ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል አላት፤ ከዚያም የባሰ ተናግሮ ነበር፣ ኋላ ላይ አጠፋው። 6ኛዋ ካንሰር ክፍል የምትሠራ ነርስ ነች። 5ኛውን ቀስ ብለህ ብትናገር ምን ነበረበት ብላ ገሥጻ፣ 4ኛዋን ደግሞ አላሳፈረቻትም። የበላነው ፕሮቲን በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ ከእሱ የትኛው ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚወስነው በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያለው ጂን ነው። እንቁላል የበላ ሰው ኸር-2 አይጨመርበትም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ሲቀንስ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ አክስትሽ ከሕመሙ በላይ የጎዳቸው ያ ሊሆን ይችላል ስትል ጻፈች።

7ኛው ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም ብሎ አንድ ጥናት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድ በምግባቸው የተቀነሰባቸው፣ ጨካኝ የጡት ካንሰር የተተከለባቸው አይጦች ላይ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ካንሰር ቀንሶ ታይቷል። እውነት ነው፣ ጥናቱ አለ። 8ኛዋ ይህንኑ ተቀብላ ሦስት ነገር አስታወሰችው፦ አስፓራጂን በአብዛኞቹ ምግቦች ውስጥ ይገኛል፣ የሰው አካል ራሱም ይሠራዋል፣ አይጥ ደግሞ ሰው አይደለችም። ከዚያ ጥናት ተነስቶ ለታማሚ የምግብ ዝርዝር ማውጣት አይቻልም። ስለ ምግብ የተባለው በዚሁ በተቋጨ እወድ ነበር፤ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ ግን አልፎ አልፎ ብቅ እያለ አስቸግሯል።

ከ9ኛው እስከ 13ኛው ያለው የክሩ ጥሩ ክፍል ነው፤ ጠቡም ያለው እዚያው ነው። 9ኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ 2ኛውን ሊደግፍ ተነሳ። ካንሰር የሚሰራጨው ሴሉ ከረድፉ ወጥቶ የሚራመድ ሴል ባሕርይ ሲይዝ ነው፤ ይህ በሙያው ኢኤምቲ የሚባለው ለውጥ ነው። ለውጡን የሚመሩት ትዊስት፣ ስኔይል፣ ዜብ1 የሚባሉ ጂን አዛዥ ፕሮቲኖች ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ኢ-ካድሄሪንን ማጥፋት ነው፤ በምትኩ የሚራመዱ ሴሎች የሚይዟቸው ኤን-ካድሄሪንና ቪመንቲን የተባሉ ፕሮቲኖች ይመጣሉ። በ2004 የወጣ ጥናት በአይጥ የጡት ካንሰር ሴሎች ውስጥ ትዊስት ሲታፈን ወደ ሳንባ የሚደረገው ስርጭት እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ አለ 9ኛው፣ ፓቶሎጂስቱ ጠያቂዋን ለማጽናናት ሲል ሳይንሱን አቅልሎታል።

10ኛዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራች መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። 2004 ላይ ቆመህ ቀርተሃል ብላ ጀመረች። በ2019 በጆንስ ሆፕኪንስ የሚገኝ ቡድን ከሎቡላሩ ሳይሆን ከተለመደው የወተት ቱቦ ካንሰር በተወሰዱ ሞዴሎች ላይ ኢ-ካድሄሪንን አጠፋ። እንደተጠበቀው ሴሎቹ ዙሪያቸውን ይበልጥ ወረሩ። ሩቅ ቦታ የተከሉት አዲስ ዕጢ ግን እጅግ አነሰ እንጂ አልጨመረም። ምክንያቱም የተላቀቁት ሴሎች በመንገድ ላይ በውስጣቸው በተከማቹ ጎጂ የኦክሲጅን ውህዶች (ኦክሲዴቲቭ ስትረስ) እየተጎዱ ሞቱ። ለእነዚያ ሴሎች ኢ-ካድሄሪን አሳሪ ብቻ አልነበረም፤ በሕይወት የሚያቆያቸውም እሱ ነበር። መውጣት አንድ ነገር ነው፣ ደርሶ መኖር ሌላ ነገር ነው አለች። ለእኔ የክሩ ፍሬ ይህቺ ናት። ጠያቂዋም 2ኛውም 9ኛውም መሰራጨትን እንደ አንድ ድርጊት ነው ያዩት። ካንሰሩ ግን መላቀቅ፣ የቱቦውን ወለል መብሳት፣ ደም ስር መግባት፣ በደም ውስጥ አለመሞት፣ መውጣት፣ በባዕድ ቦታ ማደግ አለበት። በአንዱ ደረጃ የሚረዳው ፕሮቲን በሌላው ደረጃ ሊያሰናክለው ይችላል።

11ኛው ያው 9ኛው ነው፤ ተናዶ ተመለሰ። ሎቡላር ካንሰር ኢ-ካድሄሪን ሳይኖረው ይሰራጭ የለም ወይ? ታዲያ ያ ፕሮቲን ለመኖር ግዴታ ነው የምትይው ከየት የመጣ ነው? ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ አነጋገሩ ባይበላሽ ኖሮ ምስጋና ይገባው ነበር። መልሱን 12ኛው ሰጠ፤ ሎቡላሩ ፕሮቲኑን ከጅምሩ ያጣ ስለሆነ ያለ እሱ መኖርን የለመደ ነው፤ የለመደው ፕሮቲን በድንገት ከተወሰደበት ሴል ጋር አንድ አይደለም። የሚሄድበት ቦታም ይለያል፤ ከአጥንት ሌላ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን፣ ወደ ጨጓራና አንጀት፣ ወደ ማህፀን እንቁልጢ ከሌላው ዓይነት ይበልጥ ይሄዳል። ከዚያም 12ኛው ለ10ኛዋ አንድ ማገዣ ጨመረ። በ2014 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣ ሥራ፣ በደም ውስጥ ተያይዘው የሚጓዙ የጡት ካንሰር ሴሎች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ለብቻቸው ከሚጓዙት ከ23 እስከ 50 እጥፍ አዲስ ዕጢ የመትከል አቅም እንዳላቸው በአይጥ አሳይቷል። አያይዞ የሚያቆያቸው ፕላኮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሱን ሲቀንሱት ጭፍራው ተበተነ፣ ስርጭቱም ወረደ። 13ኛዋ የመድረኩ አስተዳዳሪ ናት፤ ስድብ ያለባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰርዣለሁ ብላ ሄደች።

14ኛው፣ 15ኛውና 16ኛው መርፌ ካንሰሩን ይበትነዋል በሚል ወሬ ላይ ናቸው። ባጭሩ፦ በመርፌ ናሙና መውሰድ የታማሚዎችን ዕድሜ አያሳጥርም፣ ናሙና ሳይወሰድ ደግሞ የትኛው ተቀባይ እንዳለ አይታወቅም፣ ያንን ሳያውቁ መድኃኒት መምረጥ በጨለማ መዳበስ ነው።

17ኛዋ የታሪክ ሰው ሳትሆን አትቀርም። ስቲቨን ፓጄት የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1889 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አይቶ፣ ካንሰሩ በዘፈቀደ እንደማይቀመጥ ጻፈ። ጉበትና አጥንት ሲመረጡ፣ ደም የሚጎርፍበት ስፕሊን (ጣፊያ) ግን ይታለፋል። ዘሩ በሁሉ ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን በሚስማማው አፈር ላይ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። 18ኛው ይህንን ወደ ፕሮቲን አመጣው። በ2001 ኔቸር ላይ በወጣ ጥናት የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር4 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን በብዛት ይዘው ተገኙ። ተቀባዩን የሚጠራው ሲኤክስሲኤል12 የተባለ ፕሮቲን ደግሞ በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት መቅኔና በንፍፊቶች በብዛት ይመረታል፤ ካንሰሩ የሚሄድባቸው ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው።

ወደ አጥንት የገባውን ሴል ጉዳይ 19ኛው በደንብ ተርኮታል። ሴሉ ራሱ አጥንት መብላት አይችልም። ፒቲኤችአርፒ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ያ ፕሮቲን የአጥንት ገንቢ ሴሎች ራንክ-ኤል የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ራንክ-ኤል ደግሞ ኦስቲዮክላስት የሚባሉትን አጥንት አፍራሽ ሴሎች ይቀሰቅሳል። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ተቀብሮ የነበረው ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ ለሴሎች መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ይለቀቃል፤ እሱን ያገኘው የካንሰር ሴል ፒቲኤችአርፒን ይበልጥ ያመነጫል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ከ2010 ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት በአሜሪካ የተፈቀደው ዴኖሱማብ የተባለ መርፌ የሚይዘው ራንክ-ኤልን ነው። ካንሰሩን አይገድልም፤ ስብራትንና ሌላውን የአጥንት ጉዳት ግን ይቀንሳል።

20ኛዋ ይህን መርፌ የምትወስድ ሴት ናት። ሕክምናውን ስትጀምር ጥርሷን እንድትታይ የነገራት አልነበረም፤ የተበላሸ መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ቁስሉ ለወራት አልድን ብሏት ተሰቃይታለች፤ የአገጯ አጥንት በስተመጨረሻ በድዷ በኩል በምላሷ ይነካት ነበር። ማንንም ሳትሰድብ ነው የጻፈችው፦ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጥርሳችሁን አሳዩ፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ መጠናችሁን አስለኩ፣ የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀል። 6ኛዋ ነርስ 21ኛ ሆና ተመልሳ እያንዳንዱን ቃል አጸናችው።

22ኛው የሚሸጠው ነገር ይዞ መጣ። አንድ ቅጠል ካንሰሩ ሕብረ ሕዋስ እየቆረጠ የሚያልፍባቸውን ኢንዛይሞች ይዘጋል አለ፤ የስልክ ቁጥሩንም አስቀመጠ። አስተዳዳሪዋ ስልኩን አጠፋችና መልእክቱን ለመማሪያ ተወችው። 23ኛዋ ያው 10ኛዋ ናት፤ ምሕረት አላደረገችለትም። እነዚያ ኢንዛይሞች ኤምኤምፒ ይባላሉ፣ በሰው ውስጥ ከ20 በላይ ናቸው፣ ሕብረ ሕዋስን የሚደግፉትን ኮላጅንና ላሚኒን የተባሉ ፕሮቲኖች እንደሚቆርጡ የታወቀ ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎችም እነሱን የሚዘጋ ክኒን ሠርተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ማሪማስታት የጡት ካንሰር በተሰራጨባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ በሽታውን አላዘገየም፤ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ግን አተረፈላቸው። ሁሉንም በጅምላ መዝጋት አይሠራም፤ አንዳንዶቹ ዕጢን የሚቃወሙ ናቸው፣ ክኒኑም የደረሰው ካንሰሩ መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ነው። በንጹሕ ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ የወደቀውን ሥራ አንተ በተቀቀለ ቅጠል ልትሠራው ነው? ብላ አሰናበተችው። ኮስተር ያለች ናት፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን አልፈርድባትም።

የወረቀቱን ነገር መልሶ ያነሳው 24ኛው ነው። ልብ በሉ አለ፤ በወረቀቱ ላይ የሚለኩት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ስለ መራመድ ሳይሆን ስለ መድኃኒት የሚናገሩ ናቸው። የኤስትሮጅን ተቀባይ ካለ የሆርሞን መድኃኒት ይሠራል፤ ኪ-67 ስንቱ ሴል እየተከፈለ እንደሆነ ይጠቁማል። ኸር-2ን እንደ ምሳሌ አቀረበ። በ1987 ዴኒስ ስሌመንና ባልደረቦቹ የዚህ ጂን መብዛት ከከፋ ዕጣ ጋር እንደሚሄድ አሳዩ፤ በ1998 ደግሞ ፕሮቲኑን የሚይዘው ትራስቱዙማብ በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚፈራው ፕሮቲን መያዣ ሆነ። ኢ-ካድሄሪን ግን የጎደለ ነገር ነው፤ በሌለ ነገር ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት መሥራት ይከብዳል፣ የተበላሸውን ጂን በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ገብቶ መጠገንም ዛሬ በሕክምና ላይ የለም። ለሁለተኛው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰ ሰው እስካሁን እሱ ብቻ ነው። 25ኛዋ አንድ ፕላስ የሚለው ከንቱ እንዳልሆነ ጨመረች፤ ከ2022 ጀምሮ ኸር-2 ዝቅተኛ ለሆነና ለተሰራጨ ካንሰር ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል። ያልተሰራጨ ካንሰር ላላት ሴት አሁን አይመለከታትም፤ ወረቀቱን ግን አትጣይው አለች።

26ኛዋ ጠያቂዋ ራሷ ናት፤ ሁሉንም አመስግና የሆርሞኑ ክኒን ለምን ለብዙ ዓመት እንደሚወሰድ ጠየቀች። 27ኛው በ2017 ከ62 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ትንተና ጠቀሰላት። የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር ከ5 ዓመት የሆርሞን ሕክምና በኋላም እስከ 20 ዓመት ድረስ ሊመለስ ይችላል። ከ5ኛው እስከ 20ኛው ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ሩቅ አካል የመመለስ ዕድሉ ዕጢው ትንሽ ሆኖ ንፍፊት ላልተነካባቸው 13 በመቶ ያህል፣ ዕጢው ተለቅ ብሎ ከ4 እስከ 9 ንፍፊት ለተነካባቸው 41 በመቶ ያህል ነበር። 28ኛዋ ይህን ቁጥር ለፈራ ሰው እንዲህ ጥሬውን መወርወር ነውር ነው አለችው፤ እሱም ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት አለ። ሁለቱንም ይገባኛል።

ከ29ኛው ጀምሮ ጉዳዩ ካንሰሩ ተመልሶ ቢመጣ ምን ይደረግ ወደሚለው ዞረ። 29ኛው የተመለሰው ካንሰር ፕሮቲኖቹን ሊቀይር ስለሚችል ድጋሚ ናሙና መወሰድ አለበት አለ፤ ትክክል ነው። 30ኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ ማንም ያላሰበውን አነሳ። ከአጥንት የተወሰደ ናሙና ለመቆረጥ መለስለስ አለበት፤ የሚለሰልሰው በጠንካራ አሲድ ከሆነ የተቀባዮቹን ፕሮቲንና የኸር-2ን የጂን ምርመራ ሊያበላሽ ይችላል፤ ያኔ ያለው የለም ተብሎ ይጻፋል። ኢዲቲኤ በተባለው ቀስ ብሎ በሚያለሰልሰው ቢሠራ ይሻላል፤ ጉበትን ወይም ንፍፊትን የመሰለ ለስላሳ ቦታ ላይም ካንሰሩ ካለ ናሙናው ከዚያ ቢወሰድ ይመረጣል። ይህ የሚጠየቀው ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ሳይሆን ቀጠሮው ሲያዝ ነው፤ ውጤቱ ላይም በምን እንደለሰለሰ እንዲጻፍ ንገሯቸው ብሏል።